«ደበረኝ» ብለን ከማለፋችን በፊት፦ ቀልባችንንም እንተሳሰብ





መብራት ሲጠፋ «ደበረኝ» እንላለን። የምንደግፈው ቡድን ሲሸነፍም «ደበረኝ» ነው። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሰላት ላይ ቆሞ ምን እንደቀራ የማያውቅ ልጅም «ትንሽ ደብሮኝ ነው» ብሎ ያልፋል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ሰሚው ሦስቱንም እኩል ይሰማቸዋል። እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሰላት በኋላ ለምክር ከሚቀርቡን ወጣቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ነገሩ ከከረመ በኋላ ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲባሉ መልስ ያጣሉ።

በረመዳን ስንት ጁዝእ እንደቀራን፣ ስንት ተራዊሕ እንዳመለጠን በሰንጠረዥ የምንይዝ ብዙ ነን። ማሻአላህ፣ ይህ ሙሓሰባ ነው። የኔ ሐሳብ ሙሓሰባችን የቀልባችንንም ጤና ይጨምር የሚል ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። በ243 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ሓሪስ አል-ሙሓሲቢ መጠሪያቸውን ያገኙት ነፍሳቸውን በመተሳሰብ ነው። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ ሐዘንን ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ ብለው ከፍለውታል። ሁለተኛውን ከአካል የሚመጣ ነው ብለው የአካል ሕክምና እንዲደረግለት መክረዋል። ሰው ጤነኛ ሳለ ለክፉ ቀን የሚሆነውን በጎ ሐሳብ እንደ መድኃኒት እንዲያስቀምጥም አሳስበዋል።

«ኢማንህ ደክሞ ነው» ለሚሉትስ? ኢማም አል-ገዛሊ በ488 ዓመተ ሂጅራ ባግዳድ ላይ አንደበታቸው ተይዞ ማስተማር አቅቷቸው ነበር፤ ምግብም አልወርድ ብሏቸዋል። ይህን ሳይደብቁ ራሳቸው ጽፈውታል። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በሐዘን ዓይናቸው ነጥቷል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር። ሐዘን ብቻውን የኢማን መለኪያ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ።

ታዲያ እንዴት እንከታተል? ሐኪሞች ፒኤችኪው-9 የሚሉት 9 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። በአማርኛም ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም፣ ሐዘን፣ የነገር ፍላጎት ማጣትን የመሳሰሉ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጣላችሁ፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ይገባል። ቁጥሩ ምርመራ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በሽታውን የሚለየው ሐኪሙ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ሙሉትና ከነቀኑ በደብተር ጻፉት። በየቀኑ አትሙሉት፤ ወስዋስ ይሆናል። ጫት የሚቅም ወንድም በምርቃና ሰዓት አይሙላ፤ የዚያን ሰዓት ደስታ ለነገ አያድርም። ከቁጥሩ ጎን ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ሥራ መኖሩን፣ ከሰው መገናኘታችሁን ጨምሩ። ሦስትና አራት ቁጥር ሲደረደር አንድ መጥፎ ቀን ከቁልቁለት ይለያል። «ከመቼ ጀምሮ?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይኖራችኋል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። እዚያ ላይ ከዜሮ የወጣ ሰው ድምሩን አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ራስን ማጥፋት ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ወጣት ግን ይህን ብይን ፈርቶ ሐሳቡን ይደብቃል። ሐሳቡ የመጣበት ሰው እርዳታ መጠየቁ ወንጀል አይደለም፤ ነፍሱን መጠበቁ ነው። ሰሚዎችም አንቆጣ፣ ወሬም አናድርገው። ሰትር አማና ነው።

ሩቅያን አንተውም። ሩቅያ የሚያደርግ ሰው ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ የሚከለክለው ዲን ግን የለም። «አማኑኤል ገባ» የሚለውን መሳለቂያ እንተው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ነው፣ የሚገባበትም ታማሚ ነው። መድኃኒት የጀመረ ደግሞ ረመዳን ገባ ብሎ በራሱ አያቋርጥ። ቀደም ብሎ ሐኪሙን ስለ ሰዓቱ ያማክር፤ ለታማሚ አላህ ሩኽሳ ሰጥቷል።

የመጪውን ጁሙዓ ቀን በደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ጀምሩ። ለጓደኛችሁም ንገሩ፤ «ደበረኝ» ካላችሁም «ስንት ሳምንት ሆነህ?» በሉት።

አላህ ለተጨነቀ ሁሉ ፈረጃውን ያቅርብ። ወላሁ አዕለም።