የካርቱም ሆስፒታሎች ሲታደሱ የተሐድሶ ክፍሎቹ ተረስተው እንዳይቀሩ

ጦርነት በአንድ ከተማ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሲነገር በቅድሚያ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር ነው፤ ቀጥሎም የፈረሱት ድልድዮችና የተቃጠሉት ሕንፃዎች ይዘረዘራሉ። አጥንታቸው ተሰብሮ፣ እጅና እግራቸው ተቆርጦ በሕይወት የተረፉት ግን ሐኪሙ ቁስላቸውን ሰፍቶ ካሰናበታቸው ዕለት ጀምሮ ከመዝገብ ይወጣሉ። የጎረቤት አገር ዋና ከተማ የሆነችው ካርቱም ዛሬ በዚህ ረገድ የምታስተምረን ብዙ ነገር አለ።

በካርቱም ውጊያ የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ውጊያ በሚካሄድባቸው አካባቢዎች ከነበሩት ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ሥራ አቆሙ። በመሐል ከተማ የሚገኘው አንጋፋው የካርቱም ማስተማሪያ ሆስፒታል የጦር ሜዳ ሆነ። በኦምዱርማን የሚገኘው የአል ናው ሆስፒታል በተደጋጋሚ በመድፍ እየተመታም ቢሆን በሩን አልዘጋም። ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የሳብሪን ገበያ ተደብድቦ ከ50 በላይ ሰዎች ባለቁበት ዕለት ቁስለኞቹ የተጓዙት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ የሠሩ ሐኪሞችና አስታማሚዎች የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እነርሱ ያተረፉት ሰው ከአልጋው ከወረደ በኋላ ማን ተቀበለው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ለሳምንታት ታስሮ ሲተኛ አጥንቱ ሊገጥም ይችላል፤ በዚያው ጊዜ ግን የጭኑ ጡንቻ እየሟሸሸ፣ የጉልበቱ መጋጠሚያም እየደረቀ ይሄዳል። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ድኖ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ይገኛል። እግሩ የተቆረጠ በሽተኛ ደግሞ ሕመሙ እንዲቀልለት ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጎ መተኛት ይወዳል። ማንም ሳይከለክለው እንዲሁ ከከረመ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ጥሩ ሰው ሠራሽ እግር ቢሠራለት ቀጥ ብሎ ሊቆምበት አይችልም። ትራሱን ለማንሣት ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በአልጋው አጠገብ የሚቆም፣ የተቆረጠውን ጫፍ በፋሻ አጠባበቅ ቅርጽ የሚያስይዝ፣ በሽተኛውን እየገፋፋ የሚያስነሣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው።

ሱዳን በዚህ መስክ ባዶ እጇን አልነበረችም። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ እንዲሁም የአካል መደገፊያ የሚያዘጋጀው ብሔራዊ ባለሥልጣን ዋና ማዕከሉ ካርቱም ውስጥ ሆኖ በከሰላ፣ በገዳሪፍና በሌሎችም ከተሞች ቅርንጫፎች ከፍቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ከ1970ዎቹ ዓመታት አንሥቶ ለሥራው ድጋፍ ሰጥቷል። ይህን የመሰለ ድርጅት ሥራው ሲቋረጥ የሚጎዱት አዲስ ቁስለኞች ብቻ አይደሉም። ሰው ሠራሽ እግር እንደ ማንኛውም ዕቃ ያረጃል፤ አዋቂ ሰው በሦስትና በአምስት ዓመት መካከል ሊለውጠው ይገባል። ሕፃን ከሆነ አጥንቱ እያደገ ስለሚሄድ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ መለካት አለበት። እንግዲህ ጦርነቱ በፈነዳበት ሰሞን አንድ እግር የተሠራለት የካርቱም ሕፃን ስንት ጊዜ ልኩ እንዳለፈው አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። እግሩ ጠምሞ የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ ነው። በየሳምንቱ በሚለወጥ ጀሶ ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሊቃና ሲችል፣ ተራው በሚደርስበት ሳምንት መንገዱ በጥይት ከተዘጋ የጊዜው ዕድል ያመልጠዋል።

የዓለም ጤና ጉባኤ የተሐድሶ አገልግሎት የጤና ሥርዓት አካል ሆኖ እንዲጠናከር የሚጠይቀውን ውሳኔ ያሳለፈው በግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ ማለትም ካርቱም መንደድ ከጀመረች ከአንድ ወር በኋላ ነበር። በዓለም ላይ ከተሐድሶ አገልግሎት ሊጠቀሙ የሚችሉ ሰዎች 2.4 ቢሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ፣ ከእነዚህም ውስጥ 1.7 ቢሊዮን ያህሉ የአጥንት፣ የመጋጠሚያና የጡንቻ ችግር ያለባቸው መሆናቸው ተገምቷል። ጄኔቫ ላይ እጅ ሲወጣ ካርቱም ላይ የነበረው ሁኔታ ምን እንደሚመስል ለማነጻጸር ሰፊ ሐተታ አያሻም።

ጉዳዩ የቁስለኛ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ያስፈልጋል። በካርቱም በተለይም በአል ዴም ሰፈር ለብዙ ዘመን የኖሩ ወገኖቻችን አሉ። በየጎዳናው ዳር አጎንብሳ ሻይ ስታፈላ የምትውል፣ በሰው ቤት ውኃና ልብስ ስትሸከም የኖረች ሴት ወገቧና ጉልበቷ ከዕድሜዋ ቀድሞ ያረጃል። በሰላሙ ጊዜም የፊዚዮቴራፒ ክፍልን በር የሚያንኳኩት በብዛት እንዲህ ያሉ ሠርቶ አደሮች ናቸው። ጉልበቷ ከተያዘ ገቢዋም በዚያው ይቆማል።

ሆስፒታሉ ይህን ክፍል ሳይዝ ሲቀር ሕዝቡ ወዴት እንደሚሄድ እኛም ሱዳኖችም እናውቃለን። በእኛ አገር ወጌሻ፣ በሱዳን በሲር የሚባለው ባለሙያ ደጃፉ ሰው አጥቶ አያውቅም። ወጌሻው የሚያሽበት እጅ ብዙ ጊዜ የሚያስታግስ መሆኑ አሌ አይባልም። ሆኖም ቀርከሃውን ከልክ በላይ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ ሞቶ፣ በመጨረሻ ለመቆረጥ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው በሽተኛ በጎንደርም በአዲስ አበባም ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ለዚህ የሕዝቡን ድንቁርና መውቀስ ቀላል ነው። በጀሶው መፈታት ያሰናበተው ሐኪም ቤት ግን በበኩሉ ምን አቀረበለት? ወጌሻው ቢያንስ በሽተኛውን ተመልሰህ ና ይለዋል።

መብራትና ማደንዘዣ በጠፋበት ከተማ ስለ ማሻሻና መራመጃ ዘንግ ማንሣት ቅንጦት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አባባሉ ከመጀመሪያው ሳምንት አያልፍም። በጊዜው የተንቀሳቀሰ በሽተኛ አልጋውን ቶሎ ይለቃል፤ ጀርባው በቁስል አይበላም፤ ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም አይመለስም። አልጋ ለጠበበው ሆስፒታል ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ክፍሉ የሚጠይቀውም ሁለት ትይዩ አግዳሚ ዘንጎችን፣ ፍራሽ፣ መስተዋት፣ ምርኩዝና ከሁሉም በላይ የተማረ ሰው ነው። በዚህ በኩል ድንበሩ ሰፊ አይደለም። በመተማ በኩል ብዙ ሱዳናውያን ወደ አገራችን የገቡ ሲሆን፣ በአገራችን የፊዚዮቴራፒን ትምህርት በዲግሪ ደረጃ ቀድሞ የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚያው አቅጣጫ ነው።

የሱዳን ጦር ሠራዊት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መሐል ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪዎች መመለስ ጀምረዋል፤ ሆስፒታሎችም አንድ በአንድ ይጠገናሉ። ከተመላሾቹ መካከል በፍርስራሹ ውስጥ በቀረ ያልፈነዳ ጥይት የሚቆስሉ አሉ። አንድ ሆስፒታል ተከፈተ ሲባል የሚመለከታቸው ሁሉ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አይተው ብቻ እንዳይወጡ፣ እግሩ ተቆርጦ ወደ ቤቱ የሚሄደው በሽተኛ በእጁ የቀጠሮ ካርድ ይዞ እንደሆነ፣ ካርዱ ላይም የተጻፈው ክፍል በሕንፃው ውስጥ በርግጥ መኖሩን እንዲመረምሩ ይጠበቅባቸዋል።