ሦስተኛው ውሃ

ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው መንገድ በደብረ ማርቆስ መሀል ያልፋል። በ1982 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ቤተ እስራኤላውያን የሚባሉት ብዙ ሺህ የኢትዮጵያ አይሁድ በአውቶቡስ አልፈዋል። መንደራቸውን ዘግተው፣ ከብታቸውን ባገኙት ዋጋ ሸጠው፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረው አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ ዙሪያ ሰፈሩ። ዓመት አልፎ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ኮበለሉ። በሦስተኛው ቀን የጀመረው የአውሮፕላን ምልልስ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰው ወደ እስራኤል ወስዶ ጨረሰ። መቀመጫው ተነቃቅሎ የወጣለት አንድ ቦይንግ 747 ብቻውን ከ1080 በላይ ሰው ጭኗል።

በእኛ በጎጃም አካባቢ የእነዚህ ሰዎች ወሬ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው «አልፎላቸዋል» ነው። ሁለተኛው፣ ሰልፋቸውና የፖሊስ ዱላ በቴሌቪዥን የታየ ቀን የሚመጣው፣ «እዚያም አልቀናቸው» ነው፤ በዚህኛው ውስጥ ትንሽ የደስታ ቃና አለበት። ሁለቱም ንግግሮች ነገሩን በእንጀራ ይለኩታል። የሃይማኖተኛው ቤተ እስራኤላዊ ቤተሰብ ቅሬታ ግን ከእንጀራ አልጀመረም። ድህነትን ከእኛ ጋር ሲኖሩ ያውቁታል፤ ባዕድ መባልንም ያውቁታል። የማያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ አይሁድነታቸውን ሌላ ሰው ሲመዝነው ቆሞ ማየት። ያንን ያዩት ኢየሩሳሌም ከደረሱ በኋላ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከውሃ መነሣት ይሻላል። ንጉሥ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድል ካደረጓቸው በኋላ አወጁት የሚባለው ሕግ አጭር ነው፦ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ብዙዎች ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። ርስት ያጣ ሰው እጁን ይዞ ይኖራል፤ እነሱም ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸማ ሠርተው፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠርተው ኖሩ። በቀን ማረሻችንን አስለናቸው በማታ «ቡዳ» አልናቸው። እነሱ ደግሞ በፈንታቸው እኛን የረከስን አድርገው ያዩን ነበር። ከእኛ ሰው ጋር የተነካካ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። መንደራቸውን ወንዝ ዳር የሚቆረቁሩትም፣ «አትንኩኝ» የሚል ስም ያወጣንላቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ስሙን ስናወጣ ለስድብ ነበር። ልብ ላለው ግን ትልቅ ምስክርነት ነው፤ ርስት የሌለው ቀጥቃጭ ባለ ርስቱን «ንጹሕ አይደለህም» የማለት ሥልጣን ነበረው። ውሃው የእሱ ነበር።

ሁለተኛው ውሃ የመጣው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ሄንሪ ስተርንን የመሰሉ ከአይሁድ ወገን የተወለዱ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ሊሰብኳቸው ሲመጡ፣ ንጉሡ ፈቃድ የሰጡት የተሰበከው ሁሉ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ነው። ይህ ጭንቀት ከወለዳቸው ነገሮች አንዱ የአባ ማኅሪ ጉዞ ነው። በ1854 ዓ.ም. ገደማ እኒህ መነኩሴ ሕዝባቸውን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ጊዜ እንደሚከፈልላቸው ያምኑ ነበር። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ የተረፈው አንዳንዱ እዚያው ቀረ፣ አንዳንዱ ተመለሰ። በታሪካቸው የመጀመሪያው የስደት ስብራት ይህ ነው፤ ግን ያኔ የተሰበረው መንገዱ ነበር። ኢየሩሳሌም ስላልተደረሰባት ምንም አልሆነችም። ልጆች ሽመላ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም መጠየቃቸውን ቀጠሉ።

ከመቶ ዓመት በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1965 ዓ.ም. የሴፋርዳውያን ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ የዳን ነገድ ዘር ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1967 ዓ.ም. አይሁድ ወደ እስራኤል እንዲገቡ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እነሱንም እንዲያካትት ተወሰነ። ከእነሱው ወገን የሆነው ፈረደ አክሉም በሱዳን በኩል መንገድ ካወጣ በኋላ ሺዎች ወደ ገዳሪፍና ወደ ኡም ራኩባ መጠለያዎች በእግራቸው ተነሡ። በረሃው ላይና በመጠለያዎቹ የሞቱት ወደ 4000 እንደሚጠጉ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ቆሟል። ከተረፉት ብዙዎቹን እስራኤል ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ በሚባለው ወደ አገሯ አጓጓዘቻቸው።

እንግዲህ ሦስተኛው ውሃ እዚህ ላይ ነው። ልጁን በረሃ ቀብሮ የደረሰው ሰው፣ አይሁድነትህ እንዳያጠራጥር ሚክቬ በሚባለው የመጥለቂያ ገንዳ ውስጥ ግባ ተባለ። ከወንዶቹም ከተገረዙበት ስፍራ የደም ጠብታ ይወሰድ ነበር። ራቢዎቹ ይህን የሚሉት በክፋት አልነበረም ማለት ይቻላል። ቤተ እስራኤል የራቢዎቹን የሕግ መጽሐፍ ታልሙድን ስለማያውቁ ፍቺያቸው በራቢዎቹ ሕግ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ፈትታ ሌላ ካገባች ሴት የተወለደው ልጅ በሕጉ ዓይን አጠራጣሪ ይሆናል፣ ጥርጣሬውን ውሃ ያነጻዋል፤ ክርክራቸው ይህ ነበር። በመጽሐፍ ላይ ሲነበብ የሚያስኬድ ነገር ነው። ለአማርኛ ጆሮ ግን ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሃይማኖትን ማስተካከል ስሙ አንድ ብቻ ነው፤ ጥምቀት። አያቶቻቸው ርስት የተነጠቁበት፣ አባ ማኅሪ የሸሹት ነገር በእግዚአብሔር አገር ላይ በራሳቸው ወገኖች እጅ ጠበቃቸው።

ሌላም ውርደት ነበረበት። ቤተ እስራኤል እንደ እኛ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚጋቡ ናቸው፤ ከዚያ ባነሰ ዝምድና ጋብቻ የለም። የትውልድ ሐረጉን በቃሉ እየዘረዘረ ያደገ ሽማግሌ፣ የአባቱን አባት ስም ምናልባት የማያውቅ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ፊት ቆሞ «ዘርህን አስረዳ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ጎጃሜ ለመገመት አይቸገርም። በመስከረም 1978 ዓ.ም. ሽማግሎች፣ ሴቶችና ሕፃናት በኢየሩሳሌም የዋናው ራቢነት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ጉዳዩ በሙሉ መፍትሔ ሳይሆን በድርድር በረደ። የናታንያ ከተማው ራቢ ዳቪድ ሸሉሽ ያለ ገንዳ ያጋቧቸው ስለነበር ሙሽሮች ወደ እሳቸው ይጎርፉ ነበር። ሠርግ ለመሠረግ ደግ ራቢ ወዳለበት ከተማ መጓዝ እንግዲህ በኢየሩሳሌም አገር የኖሩት ኑሮ ነው።

ከሁሉ በላይ የተጎዱት ቄሶቹ ናቸው። (ቄስ የሚለው ቃል የእነሱም ነው፤ አንባቢ እንዳይደናገር።) በመንደሩ ቄሱ ያጋባል፣ ያፋታል፣ ያርዳል፣ ኦሪትን በግእዝ ያነባል፣ ሰንበትን ያስከብራል። እስራኤል ሲገባ ጋብቻውም ፍቺውም እርዱም በራቢዎች እጅ ነው፤ የእሱ ቡራኬ በመዝገብ ላይ ዋጋ የለውም። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይበቃል። ቄስ ራፋኤል ሐዳነ የማኅበረሰቡ ሊቀ ካህናት ነበሩ። ልጃቸው ዮሴፍ ሐዳነ ጣሊያን አገር ተምረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የኦርቶዶክስ አይሁድ ራቢ ሆኑ፤ የኢትዮጵያ አይሁድ ዋና ራቢም ተባሉ። ማለት፣ ልጅየው ሙሉ በሙሉ የራቢዎቹን መንገድ ተከተሉ። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የፔታህ ቲክቫ ከተማ የሃይማኖት ምክር ቤት ኢትዮጵያውያን ሙሽሮችን አልመዘግብም ማለቱን ከነቀፉ በኋላ የአገልግሎት ዘመናቸው አይራዘምም ተባለና ትልቅ ውዝግብ ተነሣ። የአባትየው መንገድ አላስከበረም፤ የልጅየውም ከውዝግብ አላዳነም።

የሰንበት ነገር ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነበር። እሳት የማይጫርበት፣ ወንዝ የማይሻገሩበት፣ አርብ የበሰለው ቀዝቅዞ የሚበላበት ሰንበት ይዘው የሄዱ ሰዎች ቅዳሜ ባሕር ዳርቻ ዋናተኛ የሞላባት አገር አገኙ። ከዚያ ወዲያ የሃይማኖት ትምህርት ሊሰጧቸው የመጡት ሰዎች ደግሞ ምግብ በኤሌክትሪክ ሳህን ላይ እያሞቁ «ሰንበትን እንዲህ አይደለም የሚያከብሩት» አሏቸው። ልጆቹ በአዳሪ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ገብተው ይህንኑ ተማሩና ወደ ቤት ሲመለሱ አባታቸውን አረሙ።

ቤቱም ለሥርዓቱ አልተሠራም። በመንደሩ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከመንደሩ ጥግ ባለች ጎጆ ትቀመጣለች፤ ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትቆያለች፣ ኦሪት እንደሚለው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት አፓርታማ ውስጥ ጎጆ የለም፤ አንዳንዷ በረንዳ ላይ፣ አንዳንዷ አንድ ጥግ ላይ ራሷን ለይታ ሞከረች፤ ልጆቿ ግን ሥርዓቱን ተዉት። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይገላግል የነበረበትን ቦታ ፖሊስና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያዘው። ሕጉ ለሴቲቱ ጥበቃ መስጠቱ ተገቢ ነው፤ ሽማግሌው ሁሉ ደግሞ ለሴት ያደላ ነበር ብዬ አላወራም። ነገር ግን ዕብራይስጥ የማያውቅ ባል በቤቱ፣ በሥራውም፣ በልጆቹም ፊት ቃል አልባ ሆነ፤ የሐኪም ወረቀት የምታነብለት የአሥር ዓመት ልጁ ናት። በማኅበረሰቡ ውስጥ ሚስቶቻቸውን የገደሉና ራሳቸውን ያጠፉ ወንዶች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር የማይመጣጠን ሆኖ የእስራኤልን መንግሥት ራሱን ያስደነገጠው ከስደቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

በጥር 1988 ዓ.ም. የደሙ ወሬ ወጣ። ማዓሪቭ ጋዜጣ እንደገለጠው፣ ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይደፋ ነበር፤ የተሰጠው ምክንያት የኤችአይቪ ስጋት ነው። ወደ 10,000 ሰው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በባርካን ወይን ጠማቂ ድርጅት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ወይኑን እንዳይነኩ ተደርገው እንደነበር ታወቀ፤ አንድ አክራሪ የምግብ ንጽሕና ተቆጣጣሪ አይሁድነታቸውን ስለተጠራጠረ ነው። ይህን «ዘረኝነት ነው» ብለው ከነቀፉት አንዱ የዚያን ጊዜው ዋና ራቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ናቸው፤ የዚያ የ1965 ፈራጅ የኦቫድያ ልጅ። ድርጅቱም ወዲያው ተመለሰ። ቢሆንም ለአንድ አፍታ እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል። እኛን «አትንኩኝ» ያሉት ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ንክኪያቸው ወይን ያረክሳል ተባሉ።

ሁሉም አልተሰበረም የሚል ሰው ትክክል ነው። አዲሱ መሰለ በ1988 ዓ.ም. ክኔሴት የሚባለው የእስራኤል ምክር ቤት ገባ፤ በላይነሽ ዘቫድያ የእስራኤል አምባሳደር ሆና ወደ ተወለደችባት አገር ተመለሰች፤ ጎንደር የተወለደችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2012 ዓ.ም. ሚኒስትር ሆነች። ግን ይህችው ፕኒና የክኔሴት አባል ሳለች፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ደም ልስጥ ብላ አንቀበልም ተብላለች። ስኬት ያለ ጥርጥር አለ። ችግሩ ግን ጥርጣሬው ሥልጣን ላይ የወጣውንም ሰው ተከትሎ ደረጃውን መውጣቱ ነው። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የ18 ዓመቱ ሰለሞን ተካ ሥራ ላይ ባልነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት መንገድ የዘጉት ወጣቶች አብዛኞቹ ጎንደርን አይተው አያውቁም፤ ዕብራይስጥ አፍ መፍቻቸው ነው።

እኛ ይህን ሰምተን «እዚያም አልቀናቸው» ስንል አፋችንን መያዝ ይገባናል። የእስራኤል ራቢ የጠረጠረው የዘር ሐረጋቸውን ነው፤ እኛ ግን ሰውነታቸውን ነበር የጠረጠርነው፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ እያልን። ያ ወሬ ከእነሱ ጋር ተሳፍሮ አልሄደም። ዛሬም በጎጃም ገጠር ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቤት ጋብቻ ለመጠየቅ ስንቱ ሽማግሌ ይልካል? ጀበናዋን ገበያ ላይ ተከራክረን ገዝተን፣ በጀበናዋ ቡና አፍልተን፣ የሠራችውን ሴት ዓይን እንፈራለን። የሌላውን አገር መድልዎ ለመቁጠር መጀመሪያ ይህች ሴት ዘንድ ሄዶ መቀመጥ ይቀድማል።

የሚጠባበቁት ደግሞ ገና አላለቁም። አባቶቻቸው ክርስትና የተቀበሉባቸው፣ «ፈላሽ ሙራ» የሚባሉት ወገኖች በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ተራ ይጠብቃሉ፤ እናት እዚያ፣ ልጅ እዚህ ሆነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልላችን ውጊያ ሲጠነክር እስራኤል 200 ያህል ሰዎችን ከጎንደርና ከባሕር ዳር አወጣች፤ ሌላው ቀረ። እነዚህ ሰዎች ከሄዱ በኋላ የሚጠብቃቸውን ያውቁታል፤ ዘመዶቻቸው በስልክ ነግረዋቸዋል። ገንዳውንም አይከራከሩበትም፤ ሲደርሱ ወደ አይሁድነት የመመለስን ሥርዓት በሙሉ መፈጸም ግዴታቸው ነው። ከአባ ማኅሪ ይልቅ ስለ ኢየሩሳሌም ብዙ ያውቃሉ፣ ግን ሻንጣቸውን አልፈቱም።

ስግድ የሚባለው የቤተ እስራኤል በዓል በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። በየዓመቱ በኅዳር ገደማ ቄሶቹ ባለቀለም ጥላ ተይዞላቸው ኢየሩሳሌምን ቁልቁል በሚያሳየው ኮረብታ ላይ ቆመው ኦሪትን ያነባሉ፤ ጸሎታቸውም ግእዝ ነው፣ በመሀሉ የአገው ቃል አለበት። ከዋሸራ ወይም ከዲማ የወጣ የቅኔ ተማሪ እዚያ ቢገኝ ንባቡ ይገባዋል። በዙሪያው ቆመው ስልካቸውን ዘርግተው የሚቀርጹት የቄሶቹ የልጅ ልጆች ግን አይገባቸውም።