ለሁለት ዓመት ልጅ አምስት ከተማ?

ባለፈው እሁድ እህቴ የዕረፍት ዕቅዷን ቡና ላይ ይዛ ቀረበች። ሞምባሳ፣ አሩሻ፣ ዳሬሰላም፣ ስቶን ታውን፣ ኑንግዊ። ይኼ ሁሉ በዘጠኝ ቀን! ተጓዦቹ እሷ፣ ባለቤቷና ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሆነው ልጃቸው ናቸው። እናታችን ስኒዋን አስቀምጣ «ሕፃን ልጅ ይዞ ባሕር ማዶ መንከራተት ምን የሚሉት ነው? እስኪያድግ ቤታችሁ አትቀመጡም?» አለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሽማግሌ መሆኔ ነው እንግዲህ።

ፍርዴን ልናገር፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

እማዬ የተሳሳተችው «ቤትሽ ተቀመጪ» የሚባለው ሁልጊዜ ለእናትየዋ ስለሆነ ነው። አባትየው ለሥራ ወጣ ቢል «ልጁስ?» የሚለው የለም። እህቴ ከወለደች ወዲህ ከአዲስ አበባ ወጥታ አታውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሲሰጥ «ልጅ ለሌላቸው ብቻ» አላለም።

እህቴ ደግሞ የተሳሳተችው ከተማ በመቁጠሯ ነው። ከሕፃን ጋር ሲሆን የሚቆጠረው ጉዞው ነው። ሻንጣ መሸከፍ፣ ታክሲ መጠበቅ፣ አዲስ አልጋ ላይ ማስተኛት፤ አንድ ከተማ በተቀየረ ቁጥር ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል። ከሞምባሳ አሩሻ ደግሞ ድንበር የሚያቋርጥ ረጅም የመኪና መንገድ ነው።

ስለዚህ ሞምባሳና አሩሻ ይሰረዙ። ዳሬሰላም በአውሮፕላን ገብቶ ሁለት ሌሊት፤ በጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ስቶን ታውን ሁለት ሌሊት፤ ከዚያ ኑንግዊ አራት ሌሊት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሁለቱም ስለሚበር፣ መመለሻው በቀጥታ ከዛንዚባር ይሁን። ለምን ኑንግዊ? በደሴቲቱ ምሥራቅ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ርቆ ይሸሻል፤ ሰሜን ላይ ግን ሽሽቱ ያን ያህል አይደለም። ወቅቱም ይመቻል። ከባዱ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ የእኛ ክረምት ለእነሱ በጋ ነው። ሰዓቱም አንድ ነው። እንዲያውም ስዋሂሊ ተናጋሪው ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እዚያም ሁለት ሰዓት ነው! የልጁ እንቅልፍ አይዛባም።

ቀልድ የማያውቀው ጉዳይ ጤና ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ታንዛኒያ የሚገባ ዓመት የሞላው ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚሠራው ደግሞ ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ትኬት የቆረጡ ዕለት የሚታሰብበት እንጂ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጡለት አይደለም። ወባም አለች። ዛንዚባር ላይ በጣም ቀንሳለች፤ ዳሬሰላም ግን አለች። አዲስ አበባ ደጋ ላይ ያደገ ልጅ ደግሞ ወባን የመቋቋም አቅም የለውም። የመከላከያው መድኃኒት መጠን በክብደት ስለሚለካ ሐኪም ሳያየው አይሰጥም። ማታ ማታ አጎበር የግድ ነው። ከተመለሱ በኋላ፣ ሳምንታት ቆይቶም ቢሆን፣ ትኩሳት ከያዘው ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ወስደው የት እንደነበሩ መናገር አለባቸው። የእማዬ ፍርሃት ከንቱ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው። ፍርሃቷ ጉዞውን መከልከል ሳይሆን ዝግጅቱን ማሳመር ይችላል።

እህቴ እያዘነች አሩሻን በእስክሪብቶ ሰረዘች። እማዬ ምንም አላለችም። ሦስተኛው ቡና ላይ ግን «የልጅ አልጋ የሚሸፍን አጎበር ከየት ነው የሚገዛው?» ስትል ጠየቀች።