አበባውን በምን እናውጣው?



ከአጅባር ወደ ወይና ደጋው ወረድ ሲሉ የሚታየው እሾሃማው የአበሻ ሱፍ ፍሬው ተወቅጦ ለፍትፍት ይውላል። ብጫና ቀይ አበባው ግን እዚያው ማሳ ላይ ይረግፋል። ሌላው ዓለም ይህን አበባ ለቅሞ ለምግብ ማቅለሚያ ይሸጠዋል፤ ብጫው ቀለም አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ምግብ በኦክስጅን እንዳይበላሽ የሚያዘገይ ውህድ ጭምር ነውና።

በግቢያችን ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉ እህት ወንድሞች፣ ይህን አበባ እንድታዩት እንወዳለን። ነገር ግን የላብራቶሪ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያዙት ኢታኖል ወይም ሜታኖል ነው። ሜታኖል መርዝ ስለሆነ ለምግብ አንመርጠውም። ኢታኖል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይተናል፣ ሆኖም ጥቂት ሊቀር ይችላል። በቀሪው ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ፍርዱ የእነሱ እንጂ የእኛ አይደለም።

እኛ የምንለው፣ ክርክሩ ውስጥ መግባትስ ለምን አስፈለገ? የሱፉ ብጫ ቀለም በውሃ ይሟሟል፤ የከርከዴም ቀይ እንዲሁ። እርግጥ ውሃ ስኳሩንም ፕሮቲኑንም አብሮ ያወጣል፣ ጭማቂው ቶሎ ይሻግታል፣ ማድረቁም አድካሚ ነው። የሱፉ ቀይ ቀለም ደግሞ በንጹህ ውሃ እምቢ ይላል። የጃፓን አቅላሚዎች ግን ከጥንት ጀምሮ በገለባ አመድ ውሃ አውጥተው በኮምጣጣ ፍሬ ያረጉታል። አመድና ሎሚ በየቤታችን አለ!

ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁ ላይ ኢታኖል ብቻ ከተጻፈ፣ ከጎኑ ውሃን አስገቡና የሁለቱን ውጤት አወዳድራችሁ አሳዩን። ቁጥሩን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን፣ ኢንሻአላህ።