የሃይላንድ ቤንዚን ከሰፈራችን ይውጣ!



ጠዋት ጠዋት ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት አፍንጫቸውን በደብተር ሸፍነው ነው። ከፊታቸው የሚያልፈው ባጃጅ የሚተፋው ጢስ ዓይን ያቃጥላል። ይህን እያየን ዝም ማለት አይገባንም።

ጢሱ የመጣው ባጃጁ ስላረጀ ብቻ አይደለም። በየጥጉ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ብዙ ጊዜ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ስለሆነ ነው። ነጭ ጋዝ ለፋኖስና ለምድጃ ነው እንጂ ለቤንዚን ሞተር አልተሠራም። ከቤንዚን የከበደ ስለሆነ በደንብ አይቃጠልም። ጥላሸቱ ግማሹ ካንዴላውን ይደፍናል፤ ግማሹ በማርሚታው ወጥቶ ወደ ሳንባችን ይገባል። የቤንዚኑ ኦክቴንም ይወርዳል። ለዚህ ነው ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ የሚንኳኳው። ውሎ አድሮ ፒስተን ይበላል፤ ባለቤቱም ጋራዥ ይከርማል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሹፌሮች «የማደያው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ቆመን ብንውል ልጆቻችን ምን ይበላሉ?» ይላሉ። ችግራቸው እውነት ነው፤ አንክድም። ነገር ግን የሃይላንዱ ቤንዚን ከሰማይ አልወረደም። በጀሪካን ተቀድቶ ከዚያው ከማደያ የወጣ ነው። ታዲያ ሰልፉን ያስረዘመው ያው ጠርሙስ እኮ ነው! በውድ ዋጋ በገዛነው ቁጥር ነገ የሚጠብቀንን ሰልፍ እናስረዝማለን። ሌሊት ለጀሪካን የሚቀዳ ማደያ ካለም ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ ነገሩ በራሱ ያልቃል» የሚሉም አሉ። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ የከለከለው በ2016 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ የገባው ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። እስከዚያ ልጆቻችን ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁ?

ዓለም ከቤንዚን ውስጥ መርዝ ለማውጣት ስንት እንደደከመ እናስታውስ። ሞተር እንዳይንኳኳ ተብሎ እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1915 ዓ.ም. ነበር። የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ከታወቀም በኋላ ቶሎ አልቆመም። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ1998 ዓ.ም. ተገላገሉት። በመጨረሻ አልጄሪያ በ2013 ዓ.ም. ስታቆም ከዓለም ማደያዎች ጠፋ። መቶ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር! እኛ ደግሞ ተጣርቶ የመጣውን ቤንዚን በገዛ እጃችን መልሰን እናቆሽሻለን።

ስለዚህ የሚከተለውን በጥብቅ እናሳስባለን፦

1ኛ/ ባለ መኪና፣ ባለ ባጃጅና ባለ ሞተር ሁሉ ከማደያ ብቻ ይቅዳ።

2ኛ/ የተጠራጠረ ሰው ከእሳት ርቆ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርግ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ቅባት የመሰለ ምልክት ይተዋል።

3ኛ/ ማንም ነዋሪ በቤቱ ቤንዚን አያስቀምጥ፣ አይሽጥ። ምድጃ አጠገብ ያለ ጠርሙስ ሰፈር ያቃጥላል።

4ኛ/ የሚመለከተው ክፍል ማደያዎችን ማታም ይቆጣጠር።

ጎረቤት የሚተነፍሰውን አየር እያወቁ መበከል እኛ ዘንድ ጎሜ ነው። ሻጩም ገዢውም የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ስለዚህ አስቀድመን በምክር እንነግረዋለን። አልሰማም ያለውን ግን ማኅበሩ ለሕግ ያቀርባል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
አርባ ምንጭ