የጠላት ጦር ቁጥርና የእኛ አቆጣጠር

ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት ሲያውጅ በምሥራቅ አፍሪካ ከ250,000 የማያንስ ሠራዊት ነበረው ይሉናል። ቁጥሩ ልክ ነው። ቀጥለው ግን እንግሊዝ ይህን ሁሉ በጥቂት ክፍለ ጦር አሸነፈው ብለው እንድናጨበጭብ ይጠብቃሉ። እኛ አናጨበጭብም!

ከዚያ ሠራዊት ከግማሽ የሚበልጠው ከኤርትራ፣ ከሶማሌና ከገዛ አገራችን የተመለመለ አስካሪና ባንዳ ነበር። የስዊዝ ቦይ ለኢጣልያ በመዘጋቱ ጎማና ቤንዚን ከባሕር ማዶ አይመጣም። ቤንዚንስ ይቆጠባል፤ ሌሊት ጠመንጃውን ይዞ ወደ አርበኛው የሚኮበልለው አስካሪ በምን ይቆጠባል? ያልኮበለለውም ቢሆን አምስት ዓመት መንገድ በሚቆርጡ አርበኞች ምክንያት በየምሽጉ ዘብ ቆሞ ቀርቷል። በመዝገብ አለ፤ በግንባር የለም።

ከቦንጋና ከደካ ለመጣን ተማሪዎች ምስክሩ ደጃችን ነው። ጄኔራል ጋዜራ በ1933 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ምዕራብ የሸሸውን ጦር ሲሰበስብ በወረቀት ላይ ብዙ ክፍለ ጦር ነበረው። ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ። የገረሱ ዱኪ አርበኞች ጅማን ከበቡ፤ ከተማይቱም ሰኔ 14 ቀን ተያዘች። ጋዜራ ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ሳዮ ላይ (ዛሬ ደምቢ ዶሎ) ከኮንጎ ለመጣው የቤልጂግ ጦር እጁን ሰጠ። ተማራኪው ከማራኪው ይበዛ ነበር!

መምህራን ሆይ፣ የዚህ ጦርነት ምዕራፍ ሲደርስ አርበኛው በግርጌ ማስታወሻ ሳይሆን በሒሳቡ ውስጥ እንዲገባ እንጠይቃለን።