የታጠቀ ሞልቶ ጠባቂ የጠፋባት ከተማ

“የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ተረት መሆኑ ቀርቶ ኑሮ ከሆነ ሰነባበተ። ከተማዋ የታጠቀ ሰው አላጣችም። መከላከያ አለ፣ አድማ በታኝ አለ፣ ሚሊሻ አለ፣ ፖሊስም አለ። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ ፋኖ አለ። ጠመንጃ እንዲህ በተትረፈረፈበት አገር፣ ከመሸ በኋላ ልጁን ሱቅ ልኮ እስኪመለስ ልቡ የማይመታ ወላጅ ካለ እስቲ አሳዩኝ!

ኧረ ለመሆኑ ይህ ሁሉ ታጣቂ የሚጠብቀው ማንን ነው?

የከተማዋን የቅርብ ዓመታት ታሪክ ያየ ሰው መልሱ አይጠፋውም። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ባዶ እጁን አደባባይ የወጣ ሕዝብ ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዕለቱ ባሕር ዳር ላይ ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ከባልደረቦቻቸው ጋር ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተገደሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ባሕር ዳርን ጨምሮ በስድስት ከተሞች የሰዓት እላፊ ተጣለ። አዋጁ ከአሥር ወር በኋላ ጊዜው አበቃ፤ ጦርነቱ ግን አላበቃም። ከእያንዳንዱ ደም መፋሰስ በኋላ የተጨመረው ወታደርና ኬላ ነው። የጎደለው ደግሞ ሌባ ተከታትሎ የሚይዝ፣ የተዘረፈ ሰው ቃል የሚቀበልና መዝገብ አደራጅቶ ፍርድ ቤት የሚያቀርብ መርማሪ ፖሊስ ነው። ፖሊስ እንደ ወታደር ምሽግ እንዲጠብቅ ከተደረገ ማጅራት መቺውን ማን ይያዘው?

የመንግሥት ደኅንነትና የሰፈር ደኅንነት አንድ አይደሉም። ቢሮ፣ ባንክና አውሮፕላን ማረፊያ በጥብቅ ሲጠበቁ፣ ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ማዶ ያለው ነዋሪ የሚያምነው የበሩን መቀርቀሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር በዓባይ ወንዝ ላይ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ተመርቋል። ያማረ ድልድይ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው በጨለማው ኮብልስቶን ላይ የሰው ኮቴ ከኋላው ሲሰማ ምን ያድርግ? ይጩህ? “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እንደሚባለው፣ የሚደርስለት ዘራፊው ከተሰወረ በኋላ ነው።

ከዝርፊያው የከፋው ደግሞ እገታው ነው። ድሮ እገታ የበረሃ ወሬ ነበር። አሁን ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ሕፃኑ ሳይቀር ይታገታል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ከ100 በላይ ተማሪዎችና መንገደኞች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ጎንደር ላይ የሁለት ዓመት ሕፃን ታግታ ተገደለች፤ ሕዝቡም አንጀቱ አርሮ አደባባይ ወጣ። አጋቹ አንድ ቀን በፋኖ ስም፣ ሌላ ቀን የደንብ ልብስ ለብሶ ይመጣል ይባላል፤ ታጋቹ እውነተኛ ማንነቱን በምን ይለይ? ቤተሰብ ወርቅ ይሸጣል፣ ጎረቤት ያዋጣል። ለቀብር የሚዋጣው የዕድር ገንዘብ በቁም ላለ ሰው ማስለቀቂያ ሊሆን ነው ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ማስለቀቂያ መክፈልን እንደ ግብር እየለመድነው ነው!

ሴቶችና ሕፃናትማ ቤታቸው ውስጥም አልዳኑም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እዚሁ ባሕር ዳር የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች። ወንጀለኛው ቤተሰቧ የተከራዩበት ቤት ባለቤት ነበር፤ 25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። አገሩ ጉዳዩን በሰፊው የሰማው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እናቲቱ ድምፅዋን ስታሰማ ነው። ከዚያ ወዲያ ከ200,000 በላይ ሰው ለፍትሕ ፊርማውን አኖረ። አደባባይ ወጥታ መጮህ ያልቻለች እናት ስንት ትሆን?

ሹሞቻችን በየመድረኩ “አንጻራዊ ሰላም ሰፍኗል” ይሉናል። ከምን አንጻር? ከሶርያ አንጻር ነው? አንድ ወር ውስጥ ስንት ሰው ታገተ፣ ስንቱ በክፍያ ወጣ፣ ስንቱ አልተመለሰም፣ ስንት አጋች ተፈረደበት? በሰፈር በሰፈር ተዘርዝሮ ይነገረን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ በአንቀጽ 16 ደግሞ ማንም ሰው አካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት አለው ይላል። እነዚህ አንቀጾች የተጻፉት ለጌጥ ነው?

ከእኛ የባሰባቸውም ነበሩ። ኮሎምቢያ ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ3,500 በላይ ሰዎች ታግተው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ። ጦርነቱ ገና ባያልቅም፣ እገታን ብቻ የሚከታተል መርማሪና ዐቃቤ ሕግ ያለበት ልዩ ክፍል አቋቁመው ነበር፤ የታጋቾችንም ቁጥር በየዓመቱ እየቆጠሩ ያወጡ ነበር። ያልተቆጠረ ችግር መፍትሔ የለውም።

እኛ ዘንድ ምን ተደረገ? ከመስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የጅምላ እስር ሲካሄድ፣ ከታሰሩት መካከል ዳኞችና ዐቃቤያነ ሕግ ነበሩበት። ዳኛውን አስሮ ሌባውን ማን ሊፈርድበት ነው? ለነገሩ ጫካ ያሉትም ከተጠያቂነት አያመልጡም። “ለሕዝብ ነው የምንታገለው” የሚል ሁሉ በስሙ የሚያግተውን ለይቶ ያውጣ፤ ካልቻለ ስለ ሕዝብ አያውራ።

የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። ፖሊስ ከጦርነቱ ተለይቶ ወደ ሰፈሩና ወደ ምርመራ ሥራው ይመለስ። የእገታና የዝርፊያ ቁጥር በየወሩ ይፋ ይውጣ። ያመለከተ ሰው “ለማን አቀብለህ ነው?” ተብሎ እንዳይጠረጠር ዋስትና ይሰጠው። የሐይቁ ዳር መብራት ወደ ውስጥ ለውስጡ መንገድም ይዝለቅ። ይህን ማድረግ ያቃተው መንግሥት ሰላም አስፍኛለሁ ብሎ መግለጫ ከማውጣቱ በፊት፣ አንድ ምሽት ያለ አጃቢ ከዓባይ ማዶ እስከ ሽምብጥ በእግሩ ይሂድና ይሞክረው።